ያው ንክኪ፣ ሌላ ፍርድ፦ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ዳኝነት ለምን ይለዋወጣል?

የአሜሪካ ኮሌጆችን ቅርጫት ኳስ የሚከታተል ሰው ይቺን ቅሬታ በደንብ ያውቃታል። በመጀመሪያው አጋማሽ ተከላካዩ እጁን አጥቂው ወገብ ላይ ሲያሳርፍ ፊሽካ ይነፋል። በሁለተኛው አጋማሽ ያው ተከላካይ ያንኑ ሲያደርግ ዳኛው አይቶ ያልፈዋል። ቅዳሜ ፋውል የተባለ ነገር ማክሰኞ ሌላ ከተማ ላይ ምንም አይባልም። ደጋፊው ይጮኻል። አሰልጣኙ ይንጨረጨራል። በማግስቱ ወሬው ሁሉ ስለ ዳኞች ይሆናል።

እኔ ይሄን ጨዋታ እወደዋለሁ፤ ስለዚህ ነገሩ ያንገበግበኛል። አራት ዓመት ሙሉ የለፋ ልጅ የመጨረሻ ጨዋታው በአንዲት ፊሽካ ሲያልቅ ማየት ያማል። ግን «ዳኛው ተገዝቷል» ብሎ መገላገል ምንም አያስረዳንም። አብዛኞቹ ዳኞች ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ለእውነት የሚጥሩ ሰዎች ናቸው። ዳኝነቱ የሚለዋወጠው በዋናነት አሠራሩ ራሱ ወጥ ዳኝነት እንዲያመጣ ሆኖ ስላልተዋቀረ ነው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ዳኛው የማን ሠራተኛ ነው?

ከዚህ መጀመር ያለብን ብዙ ተመልካች ይሄን ስለማያውቅ ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ድርጅት ኤንሲኤኤ ይባላል። በከፍተኛው ደረጃው፣ ዲቪዥን አንድ በሚባለው፣ ከ350 በላይ ዩኒቨርሲቲዎች ይጫወታሉ። እነዚህ ከ30 በላይ ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበራት ተከፋፍለዋል። ዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ቅርብ ምሳሌ ልስጥ። ጆርጅታውን በቢግ ኢስት፣ ሜሪላንድ በቢግ ቴን፣ ሃዋርድ ደግሞ በሚድ ኢስተርን ውስጥ ናቸው። ሦስቱም የሚጫወቱት ኤንሲኤኤ በጻፈው አንድ የሕግ መጽሐፍ ነው።

ዳኞቹን ግን ኤንሲኤኤ አይቀጥርም። በመደበኛው የውድድር ወቅት ዳኛ የሚመድበው ኮንፈረንሱ ነው። እያንዳንዱ ኮንፈረንስ የዳኞች አስተባባሪ አለው። አንዳንዶቹ ተሰባስበው አንድ አስተባባሪ ይጋራሉ። ዳኛው ደግሞ ደመወዝተኛ አይደለም። በየጨዋታው የሚከፈለው በግሉ የሚሠራ ኮንትራክተር ነው። ሕጉ አንድ፣ አሠሪው ብዙ ማለት ነው።

ይሄ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ እንየው። አንድ ጥሩ ዳኛ ለአንድ ኮንፈረንስ ብቻ አይሠራም። ሰኞ ለአንዱ፣ ረቡዕ ለሌላው፣ ቅዳሜ ለሦስተኛው ያጫውታል። ተፈላጊ ከሆነ በሳምንት አራትና አምስት ጨዋታ ሊይዝ ይችላል። ሌሊት በረራ፣ ጠዋት ሆቴል፣ ማታ ሜዳ። አንዱ አስተባባሪ «ቅርጫቱ ሥር ያለውን ግፊያ አጥብቃችሁ ያዙ» ይለዋል። ሌላው «ጨዋታውን አታቆራርጡ» ይለዋል። ዳኛው ሁለቱንም ማስደሰት አለበት። የሚቀጥለው ጨዋታ ምደባ የሚመጣው ከእነሱ ነውና፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ጨዋታውን የሚመሩት ሦስት ዳኞች ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ ቋሚ ቡድን አይደሉም። ዛሬ አብረው ያጫውታሉ፤ ነገ እያንዳንዱ ከሌላ ሰው ጋር ይሆናል። ከጨዋታው በፊት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይመካከራሉ። ምን አጥብቀን እንያዝ? ማን የቱን ያያል? ለወራት አብረው ቢሠሩ በዓይን ብቻ የሚግባቡበትን ነገር በዚያች አጭር ምክክር ለመጨረስ ይሞክራሉ።

በፕሮፌሽናል ሊጉ በኤንቢኤ ላይ ነገሩ የተለየ ነው። እዚያ ዳኛው የሊጉ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ነው። የሚያሠለጥነው፣ የሚገመግመውና የሚመድበው አንድ ቢሮ ነው። ኤንቢኤ ላይ ቅሬታ የለም ማለቴ አይደለም፤ ሞልቷል። ግን ቅሬታው አንድ አድራሻ አለው። ኮሌጅ ላይ አድራሻው ብዙ ነው።

ማርች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ማርች ማድነስ የሚባለውን ታላቅ ውድድር የሚያዘጋጀው ራሱ ኤንሲኤኤ ስለሆነ ዳኞቹንም እሱ ይመርጣል። ከየኮንፈረንሱ ጥሩ የተባሉትን ሰብስቦ ያደባልቃቸዋል። ተጫዋቾቹ ወቅቱን ሙሉ የአንድ አካባቢ ዳኝነት ለምደዋል። የተሸነፈ በሚሰናበትበት ሰዓት ድንገት ሌላ ዓይነት ዳኝነት ይገጥማቸዋል። «ይሄ እኮ በእኛ ኮንፈረንስ ፋውል አይደለም» ብለው ሲደነቁ የምናየው ለዚህ ነው።

ሕጉ ለዳኛው የሚተወው ነገር

ጄምስ ናይስሚዝ በ1891 ስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ይሄን ጨዋታ ሲፈጥር 13 ሕጎች ነበሩት። በትከሻ መግፋት፣ መያዝ፣ መገፍተር፣ መጥለፍና መምታት ክልክል ነበር። ዛሬ አሥር ግዙፍ ልጆች ጠባብ ሜዳ ላይ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣሉ። መነካካት አይቀርም። እያንዳንዱ ንክኪ ፋውል ቢባል ጨዋታው አያልቅም። ስለዚህ ሕጉ ራሱ ድንገተኛና ጉዳት የሌለው ንክኪ እንዲታለፍ ይፈቅዳል።

ጉዳት ያለውና የሌለው እንዴት ይለያል? ዳኞች በሥልጠና ላይ አራት ነገር እንዲያዩ ይነገራቸዋል፦ የአጥቂው የእንቅስቃሴ ምት (ሪትም)፣ ፍጥነት፣ ሚዛንና ቅልጥፍና። ንክኪው ከእነዚህ አንዱን ካበላሸ ፋውል ነው፤ ካላበላሸ ይታለፋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን የአንድ ልጅ ሚዛን ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም የሚለውን ሦስት ሰዎች ከሦስት አቅጣጫ ሲያዩት ሦስት መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። በዚያ ላይ ጉልበተኛው አጥቂ ተገፍቶም ስለሚቆም ፋውል አያገኝም። ቀጭኑ ይወድቃል፤ ፊሽካ ያገኛል። ንክኪው ግን አንድ ነበር።

በ2013 ኤንሲኤኤ ይሄን የውሳኔ ክፍተት ለማጥበብ ሞከረ። ምክንያት ነበረው። በ2012-13 የአንድ ቡድን አማካይ ነጥብ 67.5 ደርሶ ነበር። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ እንደዚያ ወርዶ አያውቅም። ጨዋታው በመያያዝና በመገፋፋት ታንቆ ነበር። ስለዚህ አራት ድርጊቶች ያለ ብዙ ማመዛዘን ፋውል እንዲሆኑ ተወሰነ፦ ኳስ የያዘውን ሰው በእጅ ወይም በክንድ ነክቶ እዚያው ማቆየት፣ ሁለት እጅ ማሳረፍ፣ ደጋግሞ በእጅ መነካካትና በክንድ መንገድ መዝጋት።

መጀመሪያ ላይ ፊሽካው በዛ። አሰልጣኞች ተማረሩ። አማካይ ነጥቡም ወደ 71 ከፍ አለ። ከዚያስ? ወቅቱ እየገፋ ሲሄድ ዳኞቹ እየላሉ መጡ። በ2014-15 አማካዩ ተመልሶ ወደ 67.6 ወረደ። የሕጉ መጽሐፍ ላይ ያለው ቃል አልተፋቀም፤ የላላው አፈጻጸሙ ነው። በ2015-16 እንደገና «የመንቀሳቀስ ነጻነት» ተብሎ ጠበቅ አለ፤ ኳስ ይዞ የሚቆየው ጊዜም ከ35 ወደ 30 ሰከንድ አጠረ።

ተጫዋቹን የሚጎዳው ይሄ መለዋወጥ ነው። ጥብቅ ዳኝነትን መልመድ ይቻላል። ልል ዳኝነትንም መልመድ ይቻላል። ኖቬምበር ላይ ጥብቅ፣ ፌብሩዋሪ ላይ ልል የሆነውን ግን እንዴት ይለመዳል?

ከሁሉ የከበደችው ፍርድ

አጥቂው ኳሱን ይዞ ወደ ቅርጫቱ ይበራል። ተከላካዩ ፊቱ ይቆማል። ይጋጫሉ። ሁለቱም ይወድቃሉ። ተከላካዩ ቀድሞ ቦታውን ይዞ ከነበረ ጥፋቱ የአጥቂው ነው፤ ቻርጅ ይባላል። ዘግይቶ ከገባ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ብሎክ ይባላል። በወሬ ቀላል ነው።

ዳኛው ግን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስንት ነገር ማየት እንዳለበት አስቡት። የተከላካዩ እግር መቼ ቆመ? ደረቱ ወደ አጥቂው ዞሯል? ወደ ጎን እየተንሸራተተ ነበር? ከቅርጫቱ ሥር ያለው ቅስት (ሊረዳ የመጣ ተከላካይ በአብዛኛው ቻርጅ የማያገኝበት ክልል) ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? አጥቂው በዚያች ቅጽበት መሬት ላይ ነበር ወይስ አየር ላይ? የተከላካዩን ደረት ሲያይ እግሩ ያመልጠዋል። እግሩን ሲያይ የአጥቂው መነሻ ያመልጠዋል።

በዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ሲቀያየር ኖሯል። በወንዶቹ ውድድር ቅስቱ በ2011-12 ሲገባ ራዲየሱ 3 ጫማ ነበር፤ በ2015-16 ወደ 4 ጫማ ሰፋ። ተከላካዩ እስከ መቼ ቦታውን መያዝ አለበት ለሚለውም መልሱ ተለዋውጧል። ከ2013 በፊት አጥቂው መሬት እስኪለቅ ነበር። በ2013 «እጁን ወደ ላይ ማንሳት ከመጀመሩ በፊት» ተባለ። በማግስቱ ዓመት ወደ ድሮው ተመለሰ። ከ2023-24 ጀምሮ ደግሞ ተከላካዩ መቆም ያለበት አጥቂው ለመዝለል የመጨረሻ እግሩን ሲተክል ነው። ሃያ ዓመት ያጫወተ ዳኛ ዓይኑን ስንት ጊዜ እንደገና ማሠልጠን እንዳለበት ቁጠሩት።

የመጨረሻውን ለውጥ እኔ እደግፈዋለሁ። ዘልሎ አየር ላይ ባለ ልጅ ሥር ሮጦ ገብቶ መውደቅ መከላከል አይደለም፤ ለአጥቂውም አደገኛ ነው። ግን ደንቡ ጥሩ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም ዳኛ በአንድ ዓይን እንዲያየው ማድረግ ሌላ።

አቋቋማቸውም ነገሩን ያወሳስበዋል። አንዱ ዳኛ ከቅርጫቱ ጀርባ መስመር ላይ ይቆማል። ሁለተኛው ወደ መሃል ሜዳ አካባቢ ከኋላ ይከተላል። ሦስተኛው በተቃራኒው ጠርዝ ይሆናል። እያንዳንዱ የራሱ ክልል አለው። ኳሱ ሲዞር እነሱም ቦታ ይለዋወጣሉ። አጥቂው ከአንዱ ዳኛ ክልል ተነስቶ ሌላው ክልል ውስጥ ሲጋጭ ሁለቱም ሊነፉ ይችላሉ። አልፎ አልፎ አንዱ ብሎክ፣ ሌላው ቻርጅ ብለው ተቃራኒ ምልክት ያሳያሉ። ሁለቱም ልምድ ያላቸው ናቸው። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። የቆሙበት ቦታ ግን ለየብቻ ነው።

ሳይታወቅ የሚመጣው ማካካስ

አሁን ወደ ሰው ልብ እንግባ። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በ2004-05 የተካሄዱ 365 የኮሌጅ ጨዋታዎችን ፋውል በፋውል መርምሯል። ሦስት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ ቀጣዩ ፋውል ጥቂት ፋውል ባለበት ቡድን ላይ የመነፋት ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ዕድሉም አብሮ ያድጋል። ሁለተኛ፣ እንግዳው ቡድን ከባለሜዳው የበለጠ ይነፋበታል። ሦስተኛ፣ በነጥብ የሚበልጠው ቡድን ላይ ፊሽካው ይበዛል።

ይሄ ሁሉ የዳኛ ጥፋት ነው ማለት ግን አይቻልም። ብዙ ፋውል ያለበት ቡድን እጁን ይሰበስባል፤ ጥቂት ያለበት ይደፍራል። ከዚህ የሚመጣ ልዩነት አለ። ቢሆንም ውጤቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መጠቆሙ ያሳስባል። አዳራሹ ውስጥ 15 ሺህ ሰው «ሰባት ለሁለት ነው እኮ!» ብሎ ሲጮህ፣ አሰልጣኙም ጆሮው ሥር ሲነዘንዘው፣ ዳኛው ሰው ነው። ሰሌዳውን ቀና ብሎ ያያል። ሳይታወቀው ማመጣጠን ይጀምራል።

የ2017ቱ የፍጻሜ ጨዋታ ትዝ ይለኛል። ኖርዝ ካሮላይና ጎንዛጋን 71 ለ65 አሸነፈ። በዚያ ምሽት 44 ፋውል ተነፋ፤ 22 በዚህ፣ 22 በዚያ። ጨዋታው በየደቂቃው እየቆመ ተመልካቹን አሰልችቶ ነበር። እኩል መሆኑ በራሱ ምንም አያረጋግጥም። ግን ብዙዎቻችን እኩል ቁጥር ስናይ «ዳኝነቱ ፍትሐዊ ነበር» እንላለን። እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው። አንዱ ቡድን እየገፋና እየያዘ፣ ሌላው በንጽሕና ከተጫወተ፣ ፍትሐዊው ቁጥር 22 ለ12 ሊሆን ይችላል። ደጋፊው እኩል ቁጥር ሲጠይቅ ዳኛውን ወደ ማካካስ ነው የሚገፋው።

ቀደም ብለው የሚነፉት ፊሽካዎችም ቀላል አይደሉም። ኮሌጅ ላይ ተጫዋች በአምስተኛ ፋውሉ ይወጣል፤ ኤንቢኤ ላይ በስድስተኛው ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ደቂቃዎች ሁለት ፋውል ከያዘ አሰልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ዕረፍት ያስቀምጠዋል። በወንዶቹ ሕግ ቡድኑ በአንድ አጋማሽ ሰባተኛ ፋውሉን ሲያደርስ ተቃራኒው ወደ ፍጹም ቅጣት ውርወራ መስመር መሄድ ይጀምራል፤ የመጀመሪያውን ካስገባ ሁለተኛ ይጨመርለታል። ከአሥረኛው ጀምሮ ሁልጊዜ ሁለት ውርወራ ነው። በአራተኛው ደቂቃ በስህተት የተነፋች ፊሽካ ጨዋታውን እንዲህ ቀስ ብላ ታዞረዋለች። በማግስቱ ግን ማንም አያስታውሳትም። የሚታወሱት የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ብቻ ናቸው።

መጨረሻ ላይ መንፋት ወይስ ዝም ማለት?

ኤፕሪል 5 ቀን 2024፣ ክሊቭላንድ። የሴቶች ግማሽ ፍጻሜ፣ አይዋ ከዩኮን (የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ)። ከ14 ሚሊዮን በላይ ሰው በቴሌቪዥን ያያል። አይዋ 70 ለ69 ይመራል። ኳሱ የዩኮን ነው። የቀረው 3.9 ሰከንድ ነው። የዩኮኗ አሊያ ኤድዋርድስ ለጓደኛዋ መንገድ ለመክፈት ተከላካይዋ ፊት ትቆማለች፤ ስክሪን የሚባለው ነው። ስክሪን የሚሠራ ሰው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ፊሽካ ተነፋ፤ ተንቀሳቅሳለች ተባለ። ኳሱ ለአይዋ ተሰጠ። አይዋ 71 ለ69 አሸንፎ ለፍጻሜ አለፈ።

ክርክሩ ለቀናት ቀጠለ። ግማሹ «ተንቀሳቅሳለች፤ ፋውል ፋውል ነው» አለ። ግማሹ «እንደዚህ ያለ ስክሪን ሌሊቱን ሙሉ ታልፏል፤ ለምን አሁን?» አለ። እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ በቁም ነገር እወስደዋለሁ። መልሱ ግን «መጨረሻ ላይ አትንፉ» መሆን የለበትም። ዳኛ በመጨረሻዋ ደቂቃ ዝም ሲል ገለልተኛ አይሆንም። አጥፊውን ይጠቅማል። መጠየቅ ያለበት ያው እንቅስቃሴ በአሥረኛውም ደቂቃ እንዲነፋ ነው።

ሌላኛው ምሳሌ ከዚህም ይከብዳል። ኤፕሪል 6 ቀን 2019፣ ሚኒያፖሊስ። የወንዶች ግማሽ ፍጻሜ፣ ቨርጂኒያ ከኦበርን። ኦበርን 62 ለ60 ይመራል። የቀሩት ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። የቨርጂኒያው ታይ ጀሮም ኳሱን እያነጠረ ሲሮጥ ኳሱ እግሩን ነክቶ ያመልጠዋል። በሁለት እጁ ያነሳዋል። ከዚያ እንደገና ማንጠር ይጀምራል። ይሄ ደብል ድሪብል ነው፤ ኳሱ ለኦበርን መሰጠት ነበረበት። ማንም አልነፋም።

ጨዋታው ቀጠለ። ከጎን መስመር ኳሱ ለካይል ጋይ ደረሰ። ከጥጉ ሦስት ነጥብ ወረወረ። አልገባም። ግን ፊሽካ ነበር፤ ጋይ ሲወረውር የኦበርኑ ሳሚር ዳውቲ ተጋጭቶታል። ሰዓቱ ላይ የቀረው 0.6 ሰከንድ ነው። ጋይ ሦስቱንም አስገባ። 63 ለ62። ኦበርን ተሰናበተ።

የመጨረሻዋ ፊሽካ ትክክል ነበረች፤ ኤንሲኤኤም ደግፏታል። ልብ የሚሰብረው ከዚያ በፊት የታለፈችው ናት። ዳኞቹ ሄደው ቪዲዮ እንዲያዩ ሕጉ አይፈቅድላቸውም ነበር። ደብል ድሪብል በቪዲዮ ከሚታዩት ነገሮች ውስጥ የለም።

ከሁለት ቀን በኋላ ቨርጂኒያ ለፍጻሜ ከቴክሳስ ቴክ ጋር ገጠመ። ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሄደ። አንድ ኳስ ከሜዳ ወጣ። መጀመሪያ ለቴክሳስ ቴክ ተሰጠ። ዳኞቹ ቪዲዮውን ደጋግመው አዩት። ኳሱ የቴክሳስ ቴኩን የዳቪዴ ሞሬቲን ትንሿን ጣት ጫፍ ነክቶ መውጣቱን አገኙ። ፍርዱ ተገለበጠ። ቨርጂኒያ 85 ለ77 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በዓይን ልትታይ የማትችል የጣት ጫፍ በካሜራ ተገኝታ ተስተካከለች። ቤቱ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያየው ደብል ድሪብል ግን መንገድ አልነበረውም። በእግር ኳስ ቫር የለመደ ሰው «ካሜራ ካለ ሁሉም ይታያል» ብሎ ሊያስብ ይችላል። እንደዚያ አይደለም። ካሜራው የሚያየው ሕጉ እንዲያይ የፈቀደለትን ብቻ ነው።

የዳኛውም ኑሮ አለ

በ2017 ኖርዝ ካሮላይና ኬንታኪን ለጥቂት ካሸነፈ በኋላ የኬንታኪ ደጋፊዎች ከዳኞቹ አንዱ ላይ ዘመቱ። ሰውዬው በኦማሃ የቤት ጣሪያ የሚሠራ ድርጅት አለው። ሰዎች ጣሪያቸውን ሠርቶላቸው የማያውቀውን ድርጅት በኢንተርኔት በመጥፎ አስተያየት አጥለቀለቁት። ስልክ ተደወለ፤ ዛቻም ደረሰው። ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ።

ይሄን የማነሳው ዳኛ እንዳይተች አይደለም። ይተች። ግን እንዲህ የሚሰደድ ሥራ ማን ይገባበታል? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 የስፖርት ውርርድን ለግዛቶች ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጨዋታውን የሚያየው ገንዘቡን አስይዞ ነው። ገንዘቡን ያጣ ሰው ደግሞ ንዴቱን ዳኛው ላይ፣ አንዳንዴም ተማሪው ተጫዋች ላይ ይወጣል። በየሰፈሩ የልጆች ጨዋታ የሚያጫውተው ወጣት ይሄን እያየ ነው የሚያድገው።

ምን ሊሻሻል ይችላል?

አንድ እርምጃ ተወስዷል። ከ2025-26 ጀምሮ በወንዶቹ ውድድር አሰልጣኝ ፍርድ መቃወም ይችላል። ለዚያ የዕረፍት ጥሪ በእጁ ሊኖረው ይገባል። ከተሳካለት አንድ ተጨማሪ ዕድል ያገኛል። መቃወም የሚቻለው ግን ኳሱን ማን እንዳወጣው፣ ወደ ቅርጫቱ እየወረደ ያለ ኳስ በሕገወጥ መንገድ መነካቱን፣ እንዲሁም ሊረዳ የመጣው ተከላካይ ቅስቱ ውስጥ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። ብሎክ ነው ወይስ ቻርጅ የሚለው ዋናው ጥያቄ ውጭ ቀርቷል። ገፍቷል ወይስ አልገፋም የሚለውም እንዲሁ። ካሜራው መስመርና ጣት ይለካል፤ ማመዛዘን ግን አሁንም ሦስቱ ሰዎች ዘንድ ነው።

ስለዚህ መሥራት ያለብን እዚያ ማመዛዘኑ ላይ ነው። አንደኛው ነገር አሠሪ ነው። ኮንፈረንሶች አስተባባሪ መጋራት ጀምረዋል፤ ይሄ ጥሩ ነው፤ ይስፋ። የቴሌቪዥን ውል ብቻውን በዓመት ብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር የሚያመጣ ውድድር ቢያንስ ለከፍተኛው ደረጃ ዳኞች አንድ ቢሮ፣ አንድ ሥልጠናና ቋሚ የሦስትዮሽ ቡድኖች ማዘጋጀት አያቅተውም። አብሮ የሚሠራ ቡድን የሌላውን ዓይን ያውቃል።

ሁለተኛው ግልጽነት ነው። ኤንቢኤ ከማርች 2015 ጀምሮ በተቀራረቡ ጨዋታዎች የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ፍርዶች አንድ በአንድ ገምግሞ በማግስቱ ለሕዝብ ያወጣል። የተነፋውንም፣ ያልተነፋውንም። «ይሄ ትክክል ነበር፤ ይሄ ተሳስቷል» ይላል። ዳኞቹ ራሳቸው ይሄን አይወዱትም፤ ውጤቱ ላይቀየር ስድብ ብቻ ይጨምርብናል ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ስለዚህ የኮሌጁ ሪፖርት የዳኛውን ስም መጥራት የለበትም። ፍርዱን ብቻ ይዘርዝር። መጨረሻው ላይም ብቻ አይወሰን፤ ከየአጋማሹ መጀመሪያም የተወሰኑ ደቂቃዎች ይግቡበት። ያኔ አሰልጣኙ ለልጆቹ ምን እንደሚያስተምር ያውቃል። አዲሱ ዳኛም የት ላይ መጥበቅ እንዳለበት ያያል።

በየኮንፈረንሱ ያሉ አስተባባሪዎች ይሄን ግምገማ አሁንም ይሠራሉ። ቪዲዮ ቆርጠው ለዳኞቻቸው ይልካሉ፤ ነጥብም ይሰጣሉ። ሥራው አለ። እያንዳንዱ ግን በራሱ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ኤንሲኤኤ ከሚቀጥለው ማርች ጀምሮ ራሱ ከሚመራቸው ጨዋታዎች ላይ ቢጀምር የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም።